ታዲያ ምን ጠቀመው?

ታናሽ ወንድሜ «ጌም ኦፍ ትሮንስ»ን በጊዜው አላየውም። ድራማው እ.ኤ.አ. በ2019 ሲያልቅ ገና ልጅ ነበር። ሰሞኑን አብረን ከመጀመሪያው ጀመርነው። የሁለተኛው ሲዝን ማብቂያ ላይ ስንደርስ ያ ትዕይንት መጣ። ድንክ ሆኖ በመወለዱ የሚናቀው፣ ዋና ከተማዋን ከጠላት ያዳነው ቲሪዮን ላኒስተር ፊቱ በፋሻ ተጠቅልሎ ጠባብ ክፍል ውስጥ ይነቃል። ሽማግሌው ፓይሴል ከአልጋው አጠገብ ቆሟል። ውጊያው በድል ማለቁን፣ አባቱ ሥልጣኑን መረከቡን ይነግረዋል። ከዚያ ለድካሙ ብሎ አንዲት ሳንቲም ወርውሮለት ይወጣል።

ወንድሜ ቪዲዮውን አቆመና ዞር ብሎ አየኝ። «ታዲያ ምን ጠቀመው?» አለ።

ቶሎ የሚመለስ ጥያቄ መስሎኝ ነበር። ግን የምለው አጣሁ። ያን ምሽት ቀጣዮቹን ክፍሎች አየን፤ የእኔ ልብ ግን እዚያችው ጥያቄ ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሥራ ላይም መንገድ ላይም ትመጣብኛለች።

የተናቀ ሰው ታሪክ እንዴት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቀዋለን። መጀመሪያ ይስቁበታል። ከዚያ ማንም ያልቻለውን ነገር ይሠራል። በመጨረሻ የሳቁበት አንገታቸውን ይደፋሉ። «የናቁት ያስረግዛል» ስንልም ይህንኑ ማለታችን ነው። ለናቂው ማስጠንቀቂያ፣ ለተናቀው ተስፋ። የቲሪዮን ታሪክ ግን ሁለቱን ደረጃ በወጉ ይሄድና ሦስተኛው ላይ እምቢ ይላል። ማንም አንገቱን አይደፋም። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ሆኖ ያርፋል።

በሩ ላይ

ለወንድሜ ለመመለስ አንድ ክፍል ወደ ኋላ መሄድ ነበረብኝ። እ.ኤ.አ. ሜይ 27 ቀን 2012 የተላለፈው ክፍል 9፣ የብላክወተር ውጊያ። የጻፈው የመጽሐፎቹ ደራሲ ጆርጅ አር. አር. ማርቲን ራሱ ነው፤ ያስታውቃልም። ድራማው እንደ ልማዱ ከአገር አገር አይዘልም። ከአንድ ከተማና ከአንድ ሌሊት ሳይወጣ ያልቃል።

ብዙ ሰው ከዚህ ክፍል የሚያስታውሰው አረንጓዴውን እሳት ነው። ሰው አልባ መርከብ፣ ዙፋኑን ለመያዝ ከተማዋን ሊወርር ወደ መጣው ወደ ስታኒስ መርከቦች መሃል ትገባለች። አረንጓዴ ፈሳሽ ከሆዷ ወደ ውሃው ይወርዳል። የቲሪዮን ቅጥር ተዋጊ ብሮን ከዳር ሆኖ አንድ የሚነድ ቀስት ይለቃል፤ ውሃው ይፈነዳል። ይህ የቲሪዮን ጭንቅላት ሥራ ነው። ግን ፊቱን እዩት። የእህቱ ልጅ ንጉሥ ጆፍሪ ከጎኑ ሆኖ ይደሰታል። ቲሪዮን ደርቆ ቀርቷል። እሳቱ ውስጥ የሚጮሁትን ይሰማል። ራሱን ለማስመስከር ብቻ የወጣ ሰው ቢሆን ኖሮ እዚያች ላይ ፈገግ ይል ነበር ብዬ አስባለሁ።

ለእኔ የታሪኩ መታጠፊያ ከእሳቱ በኋላ ነው። ስታኒስ ከተረፉት ወታደሮቹ ጋር የብስ ላይ ወርዶ በሩን እያስደበደበ ነው። «ውሻው» የሚሉት ሳንዶር ክሌጌን፣ ያ ሰው ሁሉ የሚፈራው ተዋጊ፣ እሳቱን ሲያይ ልቡ ከድቶታል። ንጉሡንም ከተማዋንም ሰድቦ ሄዷል። ቀጥሎ ዘመዳቸው ላንሰል ይመጣል። ንግሥቲቱ ልጇን ትፈልገዋለች ይላል። ጆፍሪ ሰበብ አገኘ፤ እሱም ሄደ። ወታደሮቹ ይህን ሁሉ በዓይናቸው እያዩ ነው። ንጉሡ የት ነው ይባባላሉ። ሌላ ትንሽ ቢቆይ መሣሪያቸውን ጥለው ይበተናሉ።

እዚህ ጋ ደጋግሜ አቁሜ አየሁት። ቲሪዮን እኔ እመራለሁ ይላል። ያዘዘው የለም፤ የጠበቀበትም የለም። እዚያ ካሉት ሁሉ አካሉ ለሰይፍ ውጊያ የማይመች እሱ ነው። የእሱ ሥራ ማሰብ ነበር፤ ያንን ደግሞ በሚገባ ሠርቷል። ዞር ብሎ ቢሄድ ማን ፈሪ ይለዋል? ንጉሡ ራሱ ሄዷል እኮ። ጥፋቱም በማንም ላይ ሊላከክ ይችል ነበር። ፊቱ ላይ ግን ጀግንነት አይታይም። ፍርሃት ነው የሚታየው። የሚወጣውን ቃል ሰውነቱ ሳይስማማበት የተናገረ ይመስላል።

ከዚያ ንግግሩ ይመጣል። እኔን ግማሽ ሰው ይሉኛል፣ እናንተስ ታዲያ ምን ልትባሉ ነው ብሎ ወታደሮቹን ይነካቸዋል። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ጥሩ ተናጋሪ ሁሉ የሚያደርገው ነው። ቀጥሎ ያለው ነው የገረመኝ። ለንጉሣችሁ አትዋጉ ይላል። ለክብር አትዋጉ፣ ለሀብትም አትዋጉ፤ አንዱንም አታገኙትም። የሚደበደበው በር የእናንተ ነው። ከገቡ የሚቃጠለው የእናንተ ቤት፣ የሚደፈሩት የእናንተ ሴቶች ናቸው። ውጭ ያሉት ደፋር ሰዎች መሆናቸውን እንኳ አይክድም።

ይህን የሚናገረው ማን እንደሆነ አስቡት። ዕድሜ ልኩን ክብርን በር በሩን ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። ከአባቱ አንዲት መልካም ቃል ለማግኘት ያልሞከረው ነገር የለም። አሁን ሊሞቱ ለሚችሉ ሰዎች ክብር የሚባል ነገር አትጠብቁ ይላቸዋል። ቃሉ መጀመሪያ የደረሰው ለራሱ ጆሮ ይመስለኛል። በዚያች ሰዓት ቲሪዮን ለማንም ምንም እያስመሰከረ አልነበረም። በር እየተሰበረ ነበር፤ መሰበር አልነበረበትም። በቃ።

ቀሪውን ታውቁታላችሁ። ከግንቡ ሥር ባለው ዋሻ ወጥተው ጠላትን ከኋላ ይገቡበታል። ወታደሮቹ «ግማሽ ሰው! ግማሽ ሰው!» እያሉ ይጮኻሉ፤ ስድቡ የድል ጩኸት ይሆናል። ደስታው ግን ደቂቃም አይቆይ። ሌላ ጦር ይደርስባቸዋል። በግርግሩ መሃል ከንጉሡ ጠባቂዎች አንዱ፣ የራሱ ወገን የሆነው ማንደን ሙር፣ የቲሪዮንን ፊት በሰይፍ ይሰነጥቀዋል። አጃቢው ልጅ ፖድሪክ ሰውየውን በጦር ወግቶ ጌታውን ያተርፋል። ቲሪዮን ራሱን ሊስት ሲል የአባቱ የታይዊን ፈረሰኞች ይደርሳሉ። ስማቸውም ከድሉ ጋር የዚያኑ ሌሊት ይጻፋል።

የአባትየው ሚዛን

ታይዊን በማግሥቱ ነጭ ፈረስ ላይ እንደተቀመጠ ዙፋኑ አዳራሽ ድረስ ይገባል። ፈረሱ ደጃፉ ላይ ይጸዳዳል። ታይዊን የከተማዋ አዳኝ ተብሎ ይሾማል። አዳራሹ ያጨበጭባል።

ቀጣዩ ሲዝን ሲከፈት ልጁ አባቱ ፊት ይቀርባል። ትንሽ ምስጋና እንኳ አይገባኝም ወይ ብሎ ይጠይቃል። የአባቱ መልስ ጭብጨባ የሚፈልጉት አዝማሪዎችና ተጫዋቾች ናቸው የሚል ነው። ይህን የሚለው በፈረስ ገብቶ ሲጨበጨብለት የዋለው ሰው ነው። ቲሪዮን የሚገባውን ርስት ሲጠይቅ ደግሞ ይብሳል። እናቱ እሱን ወልዳ በመሞቷ ይከሰዋል። ልጄ አለመሆንህን ማረጋገጥ ስለማልችል ብቻ ሕግ ስሜን እንድትይዝ ይፈቅድልሃል ይለዋል።

እነዚያን ቃላት ለብቻቸው ከሰማናቸው ጨካኝ አባት ብለን እናልፋለን። እኔን የያዘኝ ግን ከሌሎች ሁለት ንግግሮች ጋር ሳስቀምጣቸው ነው። በመጀመሪያው ሲዝን ማብቂያ የቲሪዮን ታላቅ ወንድም ጄሚ ተማርኮ፣ ጦርነቱ ከፍቶ፣ ታይዊን የሚልከው ሰው ሲያጣ ቲሪዮንን ዋና ከተማዋን እንዲያስተዳድር ይመርጠዋል። ለምን እኔን ይለዋል ቲሪዮን። ልጄ ስለሆንክ ይላል አባትየው። በአራተኛው ሲዝን ማብቂያ ቲሪዮን ቀስት ደግኖበት ሲቆም ደግሞ ልጄ ነህ እያለ ሊያባብለው ይሞክራል። ቀስቱ ሲወጋው፣ እየሞተ፣ አንተ ልጄ አይደለህም ይለዋል።

ሲያስፈልገው ልጁ ነው። ከተማውን አድኖለት ሲመጣ ልጁ መሆኑ አጠራጣሪ ይሆናል። ሞት ሲመጣበት እንደገና ልጁ ነው። ሲሞት አይደለም። ይህ የተሳሳተ ሚዛን እንኳ አይባልም። ጭራሽ እየመዘነ አልነበረም። ቲሪዮን ሁለት ከተማ ቢያድን፣ ሦስት ቢያድን፣ ያ ፍርድ ከአባቱ ፍላጎት ጋር እንጂ ከእሱ ሥራ ጋር አይንቀሳቀስም።

ይህን ከድራማ ውጭም አይቼዋለሁ። ቀድሞ በነበርኩበት መሥሪያ ቤት አንድ አለቃ ነበረን። ሥራ ሲከመር «ያለ አንቺ እኮ ይህ ክፍል አይንቀሳቀስም» ይለኛል። ሥራው ተጠናቆ ምስጋና የሚጻፍ ቀን ስሜ አይኖርም። ባልደረቦቼ «ትንሽ ጨምሪ፣ ያይሻል» ይሉኝ ነበር፤ ለእኔ አዝነው ነው። ግን ሰውየው በደንብ ያየኝ ነበር። በጭንቅ ቀን ማንን መጥራት እንዳለበት አንድ ቀን እንኳ ተሳስቶ አያውቅም። ታይዊንም እንደዚያው ነው። ልጁ ምን እንደሚችል ከማንም በላይ ያውቃል። ያወቀው ቀን ነው ከተማ ያስረከበው።

ስለዚህ «እስኪያዩኝ ልሥራ» የሚለው ምክር ሁሌ አይሠራም። አንዳንዱ አላየንም ብለን የምናዝንበት ሰው በሁለት ዓይኑ እያየን ነው። ማየቱን መናገር ግን ዋጋ ያስከፍለዋል፤ ያንን ዋጋ ሊከፍል አይፈልግም።

ቲሪዮን ይህን የሚረዳው በችሎቱ ቀን ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2014 የተላለፈው ያ ክፍል እስካሁን ብዙ ሰው የሚያነሣው ነው። ጆፍሪን መርዘሃል ተብሎ ተከሷል፤ አልመረዘውም። ዳኛው አባቱ ነው። ምስክር ሆኖ የሚመጣው ሁሉ እውነቱን ቆርጦ ሌላ ነገር ይሰፋበታል። መጨረሻ ላይ ቲሪዮን ወደ ሕዝቡ ይዞራል። ያዳንኳችሁ እኔ ነኝ፣ ምነው ለስታኒስ ትቻችሁ በነበር ይላቸዋል። ጥፋቴ ድንክ ሆኜ መወለዴ ነው፣ ዕድሜዬን ሙሉ በዚህ ስከሰስ ኖሬያለሁ ይላል። ለዓመታት ቀልድ ስር የደበቀው ንዴት ሁሉ ያን ቀን ይፈሳል። ሰው ልክ ባልሆነ ሚዛን ላይ ራሱን ማስቀመጥ ሲያቆም ድምፁ እንዲህ ይለወጣል።

ያዩት ሰዎች

ወንድሜ እዚህ ጋ ሲደርስ «ስለዚህ ማንም አላየውም ማለት ነው» አለ። አይደለም። ይህ የታሪኩ ክፍል ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነው።

ፓይሴል ሳንቲሙን ወርውሮ ከወጣ በኋላ የንጉሡ ሰላዮች አለቃ ቫሪስ ይመጣል። ያለ አንተ ከተማዋ መውደቋ እንደማይቀር የሚያውቁ ብዙ ናቸው ይለዋል። ንጉሡ አይሸልምህም፣ የታሪክ መጻሕፍትም አያነሡህም፣ እኛ ግን አንረሳም። ቫሪስ ንጹሕ ሰው አይደለም፤ ማንንም የሚያምን ሰው ይህን ያህል አይተርፍም። ግን ማስመሰል የማያስፈልገው ሰዓት ላይ መጥቶ የተናገረው ነው።

ብሮን ደግሞ በገንዘብ የሚዋጋ ነው። በቁርጡ ቀን ሌላ ቦታ የተሻለ ክፍያ ሲያገኝ «ተራራው» ከሚሉት ግዙፍ ተዋጊ ጋር በፍርዱ ፍልሚያ ልዋጋልህ አልችልም ብሎ ይሄዳል። ቅር ቢያሰኝም ሐቀኛ ነው። ቲሪዮንን ድንክ ብሎ አላዘነለትም፣ ጌታ ብሎም አላቆለጳጰሰውም። እንደ እኩያው ነው የሚያወራው። ዝቅ ተደርጎ ለኖረ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይመስለኝም።

ከሁሉም ልቤን የሚነካው ፖድሪክ ነው። እሱም የተናቀ ልጅ ነው፤ ማንም ልብ አይለውም። ቲሪዮን ሲከሰስ በእሱ ላይ እንዲመሰክር የባላባትነት ማዕረግ ያቀርቡለታል። ልጁ እምቢ ይላል። ቲሪዮን ይህን ሲሰማ ከተማውን ለቅቆ እንዲወጣ ያዘዋል፤ ከቆየ እንደሚገድሉት ያውቃላ። በዚያ ሁሉ ድራማ ውስጥ ለቲሪዮን የተሰጠ ትልቁ ሽልማት የሚመስለኝ ይህ ነው። ከአባት የለመነውን ከአገልጋይ ልጅ አገኘው። የሚያሳዝነው፣ የተናቀ ሰው ዓይኑን ከፍ ባለው ወንበር ላይ ተክሎ ከጎኑ የቆመውን ሊያልፈው ይችላል። ቲሪዮን ቢያንስ ፖድሪክን አላለፈውም።

ከተማ ባያድንስ?

አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል፤ ድራማውን ስለምወደው ልተወው አልችልም። እንዲህ ያሉ ታሪኮች ስንሰማ የተናቀው ሰው መከበር ያለበት ተአምር ስለሠራ እንደሆነ አድርገን እንቀበላለን። ጄሚ ረጅምና መልከ መልካም ሆኖ ተወለደ፤ ለዚያ አባቱ ወደደው። ልጅነቱን ለማጽደቅ ከተማ ማዳን አላስፈለገውም። ቲሪዮን ባይራቀቅ፣ መጽሐፍ ባይወድ፣ ተራ ሰው ቢሆንስ? ቁመቱ አጭር የሆነ ተራ ሰው መከበር አይገባውም ነበር?

ይህን ጥያቄ ስከተል ወደ ተዋናዩ ወደ ፒተር ዲንክሌጅ ሄድኩ። ቁመቱ 135 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። እንደ እሱ ቁመት ላለው ሰው የሚቀርበው ሚና ብዙውን ጊዜ መሳቂያ ነው፤ ሾጣጣ ጫማና ረጅም ጢም። ሥራ በሚያስፈልገው ጊዜ ሳይቀር እነዚያን ሚናዎች አልቀበልም ይል ነበር። ይህን የሚያደንቁ ብዙ ናቸው፤ እኔ ግን እምቢታው ያስከፈለውን አስባለሁ። እምቢ ያለው ዕውቅና ከመምጣቱ በፊት ነው። ክብሩን ሽልማት እስኪሰጠው አልጠበቀም።

ሽልማቱ በኋላ መጣ። በዚህ ሚና እ.ኤ.አ. በ2011፣ 2015፣ 2018 እና 2019 አራት የኤሚ ሽልማት ወስዷል። ከሁለተኛው ሲዝን ጀምሮ በድራማው መክፈቻ ላይ ከተዋናዮቹ ሁሉ ቀድሞ የሚወጣው የእሱ ስም ነው። በዚያ ደስ ይለኛል፤ አልደብቅም። ግን አራቱ ሽልማቶች ባይመጡም ያ እምቢታ ልክ ነበር።

ለምን አልሄደም?

ወንድሜ የጠየቀኝን ጥያቄ ቲሪዮንን ራሱን የጠየቀችው ሌላ ሰው አለች። በዚያው የሁለተኛው ሲዝን መጨረሻ ክፍል፣ ሳንቲሙ ከተወረወረ በኋላ ፍቅረኛው ሼ ፋሻውን ፈትታ ቁስሉን ታያለች። ከባሕር ማዶ ወዳለችው ከተማ ወደ ፔንቶስ እንሂድ ትለዋለች። ከእነዚህ ክፉ ሰዎች ምን አለህ? ቲሪዮን ያለቅሳል። ልሄድ አልችልም ይላል። ከእነዚህ ሰዎች ጋር መጋፈጥ፣ በአንደበትና በአእምሮ መብለጥ የምችለው ሥራ ነው፤ እስካሁን ካደረግኩት ነገር ሁሉ የምወደው ይህን ነው ይላታል።

ይህን ያኔ ስንመለከተው አልፌው ነበር፤ ጆሮዬ ሳንቲሙ ላይ ስለነበር። አሁን ግን መልሱ እዚህ ያለ ይመስለኛል። የወደደው ሥራውን ነው። ሰዎቹን ለማሳመን የቆየ ቢሆን ኖሮ ሳንቲሙ ሲወድቅ ይሄድ ነበር፤ ማሳመኑ እንዳልሠራ ከዚያ የበለጠ ማስረጃ የለማ። ግን እንደዚያም ሆኖ ስለ አባቱ መጎዳቱ አልቀረም። ሁለቱም አብረው ይኖራሉ። ሰው ሥራውን እየወደደ አለመመስገኑ ሊያንገበግበው ይችላል፤ አንዱ ሌላውን አያጠፋውም።

ወንድሜ በዚህ አልተስማማም። ፔንቶስ መሄድ ነበረበት ባይ ነው። ሼ በኋላ በችሎቱ ላይ የመሰከረችበትን ሲያይ ትንሽ ላላ፤ ግን አሁንም ይከራከረኛል። እኔም በኋለኞቹ ሲዝኖች ላይ እሱ የሚለውን እሰማለሁ። ቲሪዮን ዙፋኑን የምትፈልገው የንግሥት ዴኔሪስ አማካሪ ከሆነ በኋላ ዕቅዶቹ ይከሽፋሉ፣ ድራማውም የቀድሞ ብልህነቱን የነጠቀው ይመስላል። ጸሐፊዎቹ እዚያ ጋ በድለውታል ብዬ አምናለሁ።

የመጨረሻው ክፍል ላይ ግን አንድ ነገር በትክክል አድርገዋል። ሳምዌል ስለ ጦርነቶቹ የተጻፈውን ትልቅ መጽሐፍ አምጥቶ ምክር ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል። ቲሪዮን ስለ እኔ ምን ይላል ብሎ ይጠይቃል፤ ክፉ ነገር ተጽፎብኝ ይሆናል ብሎ ይጠብቃል። ሳምዌል ይንተባተባል። ጭራሽ አልተጠቀሰም። ቫሪስ ከስድስት ሲዝን በፊት የነገረው ደረሰ። ቲሪዮን ቅር እንዳለው ፊቱ ላይ ይታያል። ብሮንና ዳቮስም እዚያው ናቸው፣ ፖድሪክም ባላባት ሆኖ ይታያል፤ ከዚያ ስለ መርከብ፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ንጹሕ ውሃ ጭቅጭቅ ይጀመራል። ቲሪዮን መሃላቸው ገብቶ ይከራከራል፣ ያሾፋል፣ ያስማማል። እኔ ከዚያ ሁሉ ዘንዶና ሰይፍ ይልቅ ያንን ጭቅጭቅ ነው ደግሜ ማየት የምፈልገው።